የሰው ደም በመንገድ ላይ፦ ጥንቃቄ የጎደለው ማሽከርከርና የክርስቲያን ኃላፊነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ሰው በመኪና አደጋ ሲሞት በለቅሶ ቤት ደጋግሞ የሚሰማ አነጋገር አለ፤ «ቀኑ ደርሶ ነው፤ ምን ይደረግ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ይባላል። ይህ ቃል ሐዘንተኛውን ለማጽናናት ከቅን ልብ የሚወጣ ነው። ነገር ግን አሽከርካሪው ጠጥቶ ከነበረ፣ ፍሬኑ በደንብ እንደማይዝ እያወቀ ከወጣ፣ ወይም በኩርባ ላይ ደርቦ ከቀደመ፣ ያው ቃል ሳይታሰብ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ የሰውን ጥፋት ከሰው ትከሻ አንሥቶ በፈጣሪ ላይ ያኖራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በቸልተኝነት ስለሚፈስ ደም ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስተምሩትን፣ የሀገራችን ሕግ የሚደነግገውን፣ ከአሽከርካሪው ሌላ ድርሻ ያላቸውን ወገኖች፣ እንዲሁም ጉዳት ያደረሰ ክርስቲያን ሊሄድበት የሚገባውን የንስሓ መንገድ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የጉዳዩ ክብደት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሕፃናትንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው ምክንያት ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎችና ሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎች ናቸው። ከ100 ሟቾች 92ቱ የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ሲሆን፣ እነዚህ ሀገራት ያላቸው ተሽከርካሪ ግን ከዓለም 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሀገራችን ኢትዮጵያም ከእነዚህ ሀገራት አንዷ ናት።

ይህ ሁሉ ሞት ምክንያት የሌለው ዕጣ አይደለም። ድርጅቱ እንደሚያስረዳው የአማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ መጨመር ሞት የሚያስከትል ግጭት የመድረስ ዕድልን በ4 በመቶ ያሳድጋል። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ መኪና የተመታ እግረኛ፣ በ50 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ መኪና ከተመታው ይልቅ የመሞት ዕድሉ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። እያሽከረከረ ስልክ የሚጠቀም ሰውም ከማይጠቀመው ይልቅ ለግጭት የመጋለጥ ዕድሉ በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እንግዲህ የስልክ መልእክት ለማየት ሁለት ሰከንድ ዐይኑን ከመንገድ ያነሣ ሰው ከ50 ሜትር በላይ እንደ ዕውር ነድቷል ማለት ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ዜብራውን ሊጀምር፣ አንዲት እናት ለኪዳን ስትገሠግሥ መንገዱን ልታቋርጥ ትችላለች። ፍጥነት፣ ስልክ፣ መጠጥ፣ ድካም፣ ያረጀ ጎማ፤ እነዚህ ሁሉ በሰው እጅ ያሉ፣ ሰው ሊያርማቸው የሚችል ነገሮች ናቸው።

መጥረቢያውና ወጊው በሬ

እግዚአብሔር ለሙሴ በሰጠው ሕግ ውስጥ ሳይታሰብ ስለሚደርስ ሞት የተነገሩ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። አንደኛው የመጥረቢያው ምሳሌ ነው። ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ወደ ዱር ሄዶ፣ ብረቱ በድንገት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ቀድሞ ጥላቻ ስላልነበረው ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ እንዲድን ሕጉ ያዝዛል (ዘዳ. 19፥4-6)። ለዚህም ስድስት ከተሞች ተለይተው ነበር (ዘኍ. 35፥13)።

ሁለተኛው የወጊው በሬ ምሳሌ ነው። አንድ በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል፣ በሬው ከዚያ በፊት የመውጋት ልማድ ካልነበረው ባለቤቱ ከበደል ነጻ ነው። በሬው ወጊ መሆኑ ቀድሞ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት፣ እርሱ ግን ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል ባለቤቱ ራሱ በሞት እስከ መጠየቅ ይደርሳል (ዘጸ. 21፥28-30)። በሁለቱም ጊዜ የወጋው ቀንድ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ባለቤቱ ሊገድል አላሰበም፤ ሟቹም ያው ሰው ነው። ፍርዱን የለየው አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ባለቤት ያውቅ ነበር።

ስለ መኪና ስንነጋገር ልንይዘው የሚገባን ሚዛን ይህ ነው። «መግደል አልፈለግሁም» ማለት ብቻውን ሰውን ከመጥረቢያው ባለቤት ጋር አያስቆጥረውም። ብረቱ ከእጀታው መላላቱን እያወቀ በሰው መካከል መጥረቢያ የሚሰነዝር ሰው በወጊው በሬ ባለቤት በኩል ቆሟል። ጎማው መላጣ መሆኑን ያየ፣ መካኒኩ «ይህ ፍሬን መቀየር አለበት» ብሎት «እስከ ቅዳሜ ይሠራል» ያለ፣ ትናንት በእንቅልፍ ተሸንፎ ከመንገድ ሊወጣ ሲል ለጥቂት የተረፈና ዛሬም ሳይተኛ መሪ የጨበጠ ሰው ተነግሮታል። ማስጠንቀቂያው ደርሶታል። ሐዋርያው ያዕቆብም መልካም የሆነውን ማድረግ እያወቀ ለማያደርገው ኃጢአት እንደሚሆንበት ያስተምረናል (ያዕ. 4፥17)።

ሕጉ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ብቻ የሚናገር አይደለም። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ማንም ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል (ዘዳ. 22፥8)። ማንም ገና አልወደቀም፤ ነገር ግን አስቀድሞ አለመጠንቀቁ በራሱ በእግዚአብሔር ፊት ጥፋት ነው። ፍሬንን ማስመርመር፣ የደኅንነት ቀበቶ ማሰር፣ የፍጥነት ወሰንን መጠበቅ የዘመናችን መከታ ናቸው ብንል ከቃሉ መንፈስ አንወጣም።

የቅዱሳን አባቶች ሥርዓት

ቅዱስ ባስልዮስ ለኢቆንዮን ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎክዮስ በጻፋቸው የቀኖና መልእክታት በፈቃድ የተፈጸመን ግድያና ያለ ፈቃድ የተፈጸመን ግድያ ለይቶ አስተምሯል። ውሻን ወይም ዛፍን አስቦ በወረወረው ድንጋይ ሰው የመታ ሰው ያለ ፈቃድ ከገደሉት ይቆጠራል። አስቦ የገደለ ለ20 ዓመት፣ ሳያስብ የገደለ ደግሞ ለ10 ዓመት ከቅዱስ ቊርባን ተለይቶ በንስሓ እንዲኖር ሥርዓት ሠርቷል። በቤተ ክርስቲያናችን ለዘመናት ሲሠራበት የኖረው ፍትሐ ነገሥትም በፈቃድና ያለ ፈቃድ የሚፈጸምን ግድያ ለይቶ ይመለከታል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ቅዱስ ባስልዮስ ሳያስብ የገደለውን «አንተ ንጹሕ ነህ፣ ወደ ቤትህ ሂድ» ብሎ አላሰናበተውም። ቀኖናው ቀለለለት እንጂ አልቀረለትም። በሙሴ ሕግም ወደ መማፀኛ ከተማ የሸሸው ሰው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከከተማው እንዳይወጣ ተወስኖበት ነበር (ዘኍ. 35፥25-28)። የሰው ደም ክቡር ስለሆነ፣ ሳይታሰብ ቢፈስ እንኳ ምንም እንዳልሆነ ተቆጥሮ አይታለፍም። ዛሬ የቀኖናውን ልክና ዘመን እንደ ሰውየው ሁኔታ የሚወስነው የንስሓ አባት ነው፤ ነገሩን ለንስሓ አባት ሳይናገሩ «ፍርድ ቤት ለቆኛል» ብሎ መቅረት ግን ከሥርዓቱ ውጭ ነው።

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እንበልን?

እግዚአብሔር ሁሉን ያውቃል፤ ያለ እርሱ ዕውቀት የሚሆን ነገር የለም። ነገር ግን ማወቁ የሰውን ነጻ ፈቃድ አይሽርም። ጌታችን ይሁዳ አሳልፎ እንደሚሰጠው አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ይሁዳ ግን ከተጠያቂነት አላመለጠም። መጽሐፈ ሲራክም ሰው ስለ ጥፋቱ እግዚአብሔርን ምክንያት እንዳያደርግ፣ እሳትና ውኃ በፊቱ ቀርቦለት ወደ ወደደው እጁን እንደሚሰድድ ያስተምራል (ሲራ. 15፥11-17)። በጠጅ ሰክሮ የነዳ ሰው እጁን ወደ እሳቱ የሰደደው ራሱ ነው።

በተቃራኒውም «ምን ኃጢአት ሠርተው ይሆን?» እያሉ በሟቾች ላይ መፍረድ አይገባም። በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎች በተነገረ ጊዜ ጌታችን እነዚያ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረድቶ፣ የሰሙትን ሁሉ ወደ ንስሓ ጠርቷል (ሉቃ. 13፥4-5)። አደጋ ስንሰማ ልንመረምረው የሚገባን የሟቹን ኃጢአት ሳይሆን የራሳችንን ሕይወት፣ የራሳችንንም አነዳድ ነው።

ሌላም መታረም ያለበት አስተሳሰብ አለ። ብዙዎቻችን መኪናችንን በጸበል እናስባርካለን፤ ከመስተዋቱ ሥር መስቀል እንሰቅላለን፤ በመስኮቱ ላይ የእመቤታችንን ወይም የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል እንለጥፋለን። ይህ መልካም ነው፤ የእምነታችን መገለጫ ነው። ነገር ግን ሥዕሉን አምኖ ከልክ በላይ መብረር ሌላ ነገር ነው። ዲያብሎስ ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ መላእክት እንደሚደግፉት ከመዝሙረ ዳዊት እየጠቀሰ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ፣ ጌታችን ጌታ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መልሶለታል (ማቴ. 4፥5-7)። መላእክት አይጠብቁም አላለም፤ ጥበቃቸውን ለድፍረት መጠቀምን ግን እምቢ አለ። በሥዕለ አድኅኖ ፊት በ120 የሚነዳ ሰው ከዚያ ጫፍ ላይ የመወርወርን ፈተና እየተቀበለ ነው። እንዲያውም በመኪናው ውስጥ ያለው የቅዱሳን ሥዕል አሽከርካሪው እንዲያፍርበትና እንዲታገሥ ሊያደርገው ይገባ ነበር።

የሀገራችን ሕግ

የክርስቲያን ሕሊና ከሀገር ሕግ ዝቅ ብሎ መገኘት የለበትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰውን መግደል እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ የሌሎችን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ተብሎ ሲጣስ፣ ወይም አጥፊው በመጠጥና በአደንዛዥ ነገር ራሱን ከኃላፊነት ውጭ ሲያደርግ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። ሕጉም እንደ ወጊው በሬ ምሳሌ አውቆ ችላ ያለውን ከሌላው ለይቶ ይመለከታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ደግሞ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ እንደሚጠየቅ ያስቀምጣል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረትም ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግዴታ ነው። መድን ሳይገባ የሚነዳ ሰው ገንዘብ ያተረፈ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ከእርሱ ጥፋት የተነሣ የሚጎዳው ድሀ የሚታከምበትን ነው የቀማው።

ኃላፊነቱ የአሽከርካሪው ብቻ አይደለም

*የመኪና ባለቤቶች።* ለአሽከርካሪ የዕለት ገቢ ሲተምኑ በሕጋዊ ፍጥነትና በሕጋዊ ጭነት ሊደርስበት የማይችለውን ልክ የሚያስቀምጡ ባለቤቶች፣ ትርፍ ጫን ብለው በአፋቸው ባያዝዙም በሒሳባቸው አዝዘዋል። የጥገና ወጪ እየቆጠቡ መኪናውን ወደ መንገድ የሚልኩም እንዲሁ ናቸው።

*ተሳፋሪዎች።* «ንዳው እንጂ! ረፍዶብናል» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ይመጣል። አሽከርካሪው ስልክ ሲያወራ፣ ሲያንጎላጅ፣ ጫት እየቃመ ሌሊቱን ሲነዳ እያዩ ዝም ማለትም ትሕትና አይደለም። «ወንድሜ፣ ቀስ በልልን፤ ቤተሰብ አለን» ብሎ በፍቅር መናገር የብዙ ሰዎችን ነፍስ ሊያድን ይችላል። አባቶቻችን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

*የድግስ ባለቤቶች።* በሠርግ፣ በክርስትናና በማኅበር ጽዋ ላይ እንግዳ ማክበር ያማረ ባህላችን ነው። ነገር ግን መኪና ይዞ የመጣውን ሰው «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ» እያልን ጠጅና አረቄ የምንጨምርለት ከሆነ ቃሉን እናስተውለው። በራሳችን ሞት እየማልን በሌላ ሰው ሞት ላይ ድርሻ እየያዝን ነው። ለአሽከርካሪ ለስላሳ ወይም ውኃ ማቅረብ፣ የጠጣውንም ቁልፉን ተቀብሎ በሌላ መኪና መሸኘት እውነተኛው አክብሮት ነው።

*የመንፈሳዊ ጉዞ አዘጋጆች።* መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም፣ ኅዳር 21 ወደ አክሱም ጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ ለልደትም ወደ ላሊበላ ብዙ ሕዝብ በአውቶቡስ ይጓዛል። ለበረከት የወጣ ሕዝብ በመንገድ ላይ እንዳይቀር አዘጋጆች በእግዚአብሔር ፊት ኃላፊነት አለባቸው። በዋጋ ርካሽነት ብቻ መኪና መምረጥ፣ ምእመናን ሰኞ ሥራ እንዲገቡ ተብሎ አሽከርካሪው ሌሊቱን ሁሉ እንዲነዳ ማድረግ፣ መተላለፊያው ላይ ሰው አቁሞ ከበሮ እየመቱ መዘመር ከመንፈሳዊ ጉዞ ጋር አይስማማም። የመኪናው ምርመራ ይጠየቅ፤ ለረጅም ጉዞ ተተኪ አሽከርካሪ ይያዝ፤ በበዓሉ ዋዜማ ሕዝቡ በማኅሌት ሲያድር አሽከርካሪው እንዲተኛ ቦታ ይዘጋጅለት፤ እንደ ጣርማ በርና እንደ ዓባይ በረሃ ያሉ ዳገትና ቁልቁለቶች በቀን ብርሃን ይታለፉ። መዝሙሩም ሁሉ ተቀምጦ ይዘመር። አንድ ቀን የሥራ ፈቃድ መጨመር ከአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ይቀላል።

ጉዳት ያደረሰ ክርስቲያን ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው መቆም ነው። ቁስለኛውን በመንገድ አይተው ገለል ብለው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ በወንጌል ሲወቀሱ (ሉቃ. 10፥30-37)፣ ራሱ ያቆሰለውን ጥሎ የሚሸሽ ሰውማ ምን መልስ ይኖረዋል? ቃየል «ወንድምህ ወዴት ነው?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የሸሸው ከቃሉ ነበር፤ የአቤል ደም ግን ከምድር ይጮኽ ነበር (ዘፍ. 4፥9-10)። ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ሲገኝ የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሌዎች ወጥተው ጊደር አርደው እጃቸውን እንዲታጠቡና ስለ ፈሰሰው ንጹሕ ደም ይቅርታ እንዲለምኑ ሕጉ ያዝዝ ነበር (ዘዳ. 21፥1-9)። ገጭቶ ያመለጠን ሰው አይተን ታርጋውን ይዘን ዝም የምንል እኛ ግን እጃችንን በምን እንታጠባለን?

ሁለተኛው እውነትን መናገር ነው። ጥፋትን በረዳቱ ላይ ማሳበብ፣ በሌላ ሰው መንጃ ፈቃድ መተካት፣ ምስክር መግዛት፣ በአንዱ በደል ላይ ሌላ በደል መጨመር ነው። ሽምግልና ቅዱስ ባህላችን ነው፤ ሽማግሌዎች ግን የሟችን ቤተሰብ «ይቅር በሉ» ሲሉ አጥፊውን «እውነቱን ተናገር» ማለትን መርሳት የለባቸውም። ይቅርታ የሚሰጠው ለታወቀ በደል ነው። ይቅር ያለ ቤተሰብም እውነተኛ ቃሉን ለፍርድ ቤት ቢሰጥ ይቅርታውን አላፈረሰም።

ሦስተኛው ንስሓና ካሳ ነው። ዘኬዎስ የንስሓውን ፍሬ ያሳየው የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ በመናገር ነበር (ሉቃ. 19፥8)። የሞተውን ማስነሣት አይቻልም፤ ነገር ግን የሟችን ልጆች ማስተማር፣ እግሩን ያጣውን ማሳከም፣ ከመድኑ ክፍያ ባሻገር አቅም በፈቀደ መጠን ቤተሰቡን መጠየቅና መደገፍ ይቻላል። በንስሓ አባት ምክር የሚደረግ እንዲህ ያለ ሥራ የቀኖናው አካል ነው።

አራተኛው ተስፋ አለመቁረጥ ነው። በቸልተኝነቱ ሕፃን የገደለ ሰው ሌሊቱን ሁሉ ያ ድምፅ በጆሮው ሊጮኽበት ይችላል። እንዲህ ያለው ወገናችን በይሁዳ መንገድ ሳይሆን በጴጥሮስ ዕንባ እንዲመለስ ቤተ ክርስቲያን በሯን ከፍታ ትጠብቀዋለች። እኛም ጥፋቱን ሳንሸሽግ፣ እርሱን ግን ሳንጥል ልናቀርበው ይገባናል።

ሁለት ሠረገሎች

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሁለት የሠረገላ ተጓዦች ይነግረናል። ኢዩ ከሩቅ ሲመጣ ጉበኛው የለየው በእብደት በሚመስል አነዳዱ ነበር (2ኛ ነገ. 9፥20)። በሌላ በኩል ከኢየሩሳሌም ተሳልሞ ሲመለስ የነበረው የኢትዮጵያ ንግሥት ጃንደረባ፣ በትውፊታችን ባኮስ የምንለው አባታችን፣ ቃለ እግዚአብሔር ከሰማ በኋላ ውኃ ባየ ጊዜ ሠረገላው እንዲቆም አዘዘ፤ በፊልጶስም እጅ ተጠመቀ (ሐዋ. 8፥26-39)። ረጅም መንገድ የሚጠብቀው ባለሥልጣን ነበር፤ ለነፍሱ የሚበጅ ነገር ሲያይ ግን ለመቆም አልከበደውም።

እኛም ክርስቲያኖች ከሩቅ ስንመጣ በምን እንታወቃለን? በዜብራ ላይ ለአንዲት አሮጊት ቆመን በማሳለፍ፣ ዐይናችን ሲከብድ ዳር ይዘን በማረፍ፣ ጠጥተን ቁልፍ ባለመጨበጥ የምንታወቅ ብንሆን መንገዱም የስብከት ቦታ ይሆናል። ነገ ጠዋት መኪናችንን ከማስነሣታችን በፊት በትእምርተ መስቀል አማትበን ስንጸልይ፣ «ጠብቀኝ» ካልን በኋላ «ከእኔ የተነሣ ማንም እንዳይጎዳ እኔን አስተዋይ አድርገኝ» የሚለውንም እንጨምር።

በመንገድ ላይ ያለፉትን ወገኖቻችንን ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቆሰሉት ምሕረትን፣ ላዘኑት መጽናናትን ይስጥልን። የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።